ያረጀ ፒካፕ ውሃ ሲያፈስ፦ መድፈን፣ ማስበየድ ወይስ መቀየር?

የራዲያተር ውሃ የሚጨርስ ፒካፕ ያለው ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «መድፈኛ ጨምርበት» ይለዋል። ሌላው «አስበይደው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አዲስ ራዲያተር ግዛና ተገላገል» ይላል። ሁሉም የሚያዋጡበት ጊዜ አለ። ሁሉም ብር የሚበሉበት ጊዜም አለ። ምርጫውን የሚወስነው ከሁሉ በፊት ውሃው የሚወጣበት ቦታ ነው። ቀጥሎ ዕቃው ከምን እንደተሠራና መኪናው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሠራ ይታያል።

እዚህ የማወራው በተለይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ስለመጡት የናፍጣ ፒካፖች ነው። 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር የገጠመላቸው ሃይሉክሶች ዛሬም እህል፣ ሲሚንቶና ሰው ይጭናሉ። አይሱዙና ኒሳን ያላችሁም አብዛኛውን ነገር ለራሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ዋጋ በብር አልጠቅስም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል።

ከክዳኑ ጀምሩ

ብዙ ሰው የራዲያተሩን ክዳን የሚያየው ሌላው ሁሉ ከተቀየረ በኋላ ነው። እኔ ከእሱ እጀምራለሁ። በተለይ ደጋ ላይ ለምንነዳ ሰዎች ክዳኑ ትልቅ ሥራ አለው።

አዲስ አበባ ላይ ንጹህ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታው ጨምሮ የአየሩ ግፊት ስለቀነሰ ነው። የብዙ ናፍጣ ሞተሮች ተርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍትለት ቫልቭ) ደግሞ በ82 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ቁልቁል ወርዶ ዳገት የሚወጣ፣ የተጫነ መኪና ይህን አሥር ዲግሪ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያወጣዋል።

የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ውሃው ይፈላና በትንሿ ቱቦ ወደ መጠባበቂያው ዕቃ ይወጣል። ከዚያም ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስሳል። ባለቤቱ ራዲያተሩ የተቀደደ ይመስለዋል። ብር ከፍሎ ያስበይዳል። ውሃው ግን መጉደሉን አያቆምም።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ከመጠባበቂያው መልሳ ታስገባለች። ጠዋት ኮፈኑን ስትከፍቱ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ጠፍጥፎ ካገኛችሁት ያቺ ቫልቭ ተጣብቃለች ማለት ነው።

ክዳን ሲመረጥ የተጠገነ ወይም ከተበታተነ መኪና የወጣ አይገዛም። አዲስ ይገዛል፤ ቁጥሩም ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። «ጠንከር ያለ ይሻላል» ብሎ በ0.9 ፋንታ 1.1 መግጠም ያረጀውን ራዲያተር በመገጣጠሚያው በኩል ሊያስቀድደው ይችላል። በዚህ ዕቃ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አትሞክሩ። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን አትንኩት። የላይኛውን ጎማ በእጅ ጨብጣችሁ ልስላሴውን እስክታዩ ጠብቁ። በዚህ ምክንያት ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠለ ሹፌሮች ብዙ ናቸው።

ከየት ነው የሚያፈሰው?

ማፈላለጊያው ብዙ ነው፤ ሁሉም ለሁሉም አይሆንም።

የመጀመሪያው በነጻ የሚገኘው ነው። ማታ ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ነጠብጣቡ የት እንዳረፈ እዩ። ከፊት ለፊት ከሆነ ራዲያተሩን ወይም የታችኛውን ጎማ ጠርጥሩ። ከቺንጋው ሥር ከሆነ የውሃ ፓምፑን እዩ። ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ከሆነ የሂተር ጎማዎችን፣ ወይም በሞተሩ ብሎክ ጎን ተመትተው የገቡትን ክብ የብረት ክዳኖች ተመልከቱ። እነዚህ ክዳኖች ለዓመታት ተራ ውሃ የተሞላ ሞተር ላይ ከውስጥ ዝገው ይበሳሉ። ኤሲ ያለው መኪና ከጋቢናው ሥር የሚያንጠባጥበው ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው ውሃ ግን የተለመደ ነው። ኩላንት (ለራዲያተር የሚሞላው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀለም አለው፤ በጣት ሲነካ ያሙለጨልጫል፤ ደርቆም ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ይተዋል። እውነተኛው ቦታ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ቅርፊት ነው። ውሃ ወደ ታች ስለሚሄድ ነጠብጣቡ ካረፈበት ይልቅ ቅርፊቱ የጀመረበትን እመኑ።

ካርቶኑ ካልነገራችሁ የግፊት ፓምፕ ያለው ጋራዥ ፈልጉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ፓምፑ በክዳኑ ቦታ ይገጠማል፤ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ ይነፋል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሞተሩ ስላልሞቀ በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ ይቻላል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። መካኒክ «ራዲያተሩ ነው» ሲላችሁ «በግፊት አይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በመብራት የሚያበራ ቀለም ውሃው ውስጥ ጨምሮ መፈለግም አለ። ጥሩ ነው። ግን የሚጠቅመው ቀስ ብሎ ለሚያፈስ፣ ቦታው ለተደበቀ ነው። በቀን ሁለት ሊትር ለሚጥል መኪና ማባከን ይሆናል።

መሬት ላይ ምንም ሳይታይ ውሃው የሚጎድል ከሆነ ሁለት ነገር ይቀራል። አንዱ ጋቢና ውስጥ ያለው ሂተር ነው። ምንጣፉ ይረጥባል፤ መስታወቱ በቅባት ጉም ይሸፈናል፤ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ሌላው ሞተሩ ራሱ ውሃውን እየጠጣ ነው። ይህኛው የቴስታታ (ከብሎኩ በላይ የሚገጠመው የሞተር ክፍል) ስንጥቅ፣ ወይም በሁለቱ መካከል የሚገባው ጋስኬት መበላሸት ነው። ቀዝቃዛውን ሞተር ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱ ያለማቋረጥ አረፋ የሚተፋ ከሆነ ምልክት ነው። ሌሊቱን አድሮም የላይኛው ጎማ እንደ ጠነከረ ከሆነ ምልክት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ የቡና ወተት የመሰለ ዘይትም እንዲሁ። ዘይቱን ግን በመለኪያው ዘንግ እዩ። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ነጭ ነገር በብርድ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ የጭስ ጋዝ መፈተሻ ፈሳሽ አለ። በራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ከተለወጠ የማቃጠያው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ይህን ሳያስፈትሹ ቴስታታ ማስወረድ የለባችሁም።

ጎማና ፋሸታ

እዚህ ብዙ ምርጫ የለም። ጎማው ካበጠ፣ ሲጨበጥ ከተንኮሻኮሸ ወይም ዘይት ጠጥቶ ከለሰለሰ ይቀየራል። በፕላስተርና በካላማዳሪ መጠቅለል ወደ ቤት ለመድረስ ብቻ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ አፍስሶ ሲሞቅ የሚያቆም ከሆነ ግን ጎማውን ከመግዛታችሁ በፊት ፋሸታውን (የጎማውን ማሰሪያ) አጥብቁ። ጎማው ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር የላላ ማሰሪያ በብርድ ያፈሳል። አንዱ ጎማ በእርጅና ከፈነዳ ሌላውም ዕድሜው ተመሳሳይ ነውና ላይና ታቹን አንድ ላይ ቀይሩ።

የውሃ ፓምፕ

ፓምፑ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው። የውስጡ ማኅተም ሲያልቅ ውሃው በዚያ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የተበጀ ነው። ቀዳዳውን በሲልኮን ወይም በኤፖክሲ የሚደፍን ሰው አይታችሁ ይሆናል። አታድርጉት። ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባል፤ ኩሽኔታው ሲበላሽ ፋኑ ተፈትቶ ራዲያተሩን ሊቀድድ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑን በእጃችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ፓምፑ ጊዜው አልፏል።

ምርጫው ሦስት ዓይነት ነው፦ ቶርኖ ቤት አስወስዶ ኩሽኔታና ማኅተም ማስቀየር፣ ያገለገለ መግዛት፣ አዲስ መግዛት። ያገለገለውን ከወዲሁ ተዉት፤ ምን ያህል እንደቀረው ማንም አያውቅም። ቶርኖ ቤት የሚያዋጣው ለሞተራችሁ አዲስ ፓምፕ ገበያ ላይ ሲጠፋ ነው። ለሃይሉክስ ግን አዲስ አይጠፋም። የጃፓኑ አይሲን ለቶዮታ ራሱ ዕቃ የሚያቀርብ ፋብሪካ ነው። ትክክለኛውን ካገኛችሁ የቶዮታ ካርቶን ፍለጋ አትድከሙ። ተመሳስሎ የተሠራ ስላለ ሱማሌ ተራ ስትገዙ የሚያውቅ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የድሮውንም ፓምፕ ይዛችሁ አስተያዩ።

ራዲያተሩ ራሱ

እዚህ ላይ ነው ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጠፋው። ምርጫውም የሚበዛው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ እወቁ። የላይኛውን ታንክ ጥቁር ቀለም በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ ትንሽ ፋቅ አድርጉ። ከሥሩ ቢጫ ብረት ከታየ ነሐስ ነው፤ ክንፎቹም መዳብ ናቸው። ይህ ያረጀ ፒካፕ ያለው ሰው ትልቅ ሀብት ነው፤ ይጠገናል። ታንኩ ፕላስቲክ ሆኖ ጠርዙ በብረት ጥርስ ተነክሶ ከተያዘ፣ ክንፎቹም ነጣ ያሉ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየሙ ቀላልና ሙቀት የሚያወጣ ነው። ሲበላሽ ግን በሰፈር ደረጃ የሚጠገን አይደለም።

የነሐሱን በተመለከተ የራዲያተር ሠሪዎች እጅ ያስመካል። ስፌቱ ላይ የተከፈተ ከሆነ ማስበየድ ያለ ጥርጥር ትክክለኛው ምርጫ ነው። ርካሽ ነው፤ በሥርዓት ከተሠራ ለዓመታት ይቆያል። ቱቦው መሐል ላይ የተበሳ ከሆነ ግን ሠሪው ብዙ ጊዜ ያንን ቱቦ ከላይና ከታች ይደፍነዋል። ማፍሰሱ ይቆማል። ሆኖም የተደፈነው ቱቦ ከዚያ ወዲያ አያቀዘቅዝም። አንድ ወይም ሁለት ቱቦ ችግር የለውም። ሠሪው «አምስቱን ደፍኜልሃለሁ» ካለ ግን ከተማ ውስጥ የሚሠራው መኪና፣ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ይፈላል። ስለዚህ ስትቀበሉ «ስንት ቱቦ ደፈንክ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማስበየድ ከመረጣችሁ ታንኩን አስከፍታችሁ ቱቦዎቹን በቀጭን ዘንግ አስጠርጉ። ሥራው አንዴ ከተጀመረ የሚጨመረው ክፍያ ትንሽ ነው። ለዓመታት የወንዝና የቧንቧ ውሃ የጠጣ ራዲያተር ግማሹ በዝገትና በኖራ የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ሳይጠረግ ብቻ መበየድ ማፍሰሱን አቁሞ መፍላቱን ይተወዋል።

ቱቦዎቹ በየቦታው ከተበሉ፣ ክንፎቹም በእጅ ሲነኩ የሚረግፉ ከሆነ ታንኮቹን ይዞ የመሐሉን ክፍል ብቻ በአዲስ ማስቀየር አለ። ሩቅ መንገድ ለሚሠራ፣ ለሚጭን መኪና እኔ ይህን እመርጣለሁ። ዋናው ታንክና መገጣጠሚያ ስለማይለወጥ ልክ ይገባል። ከርካሹ አዲስ ራዲያተር ጋር ዋጋው ቢቀራረብም፣ ነገ ደግሞ እንደገና ሊጠገን የሚችል ነገር ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

አዲስ አሉሚኒየም መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው? ድሮም አሉሚኒየም ከነበረና ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ሌላ መንገድ የለም። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ላይ ኤፖክሲ መለጠፍ ለሳምንት ነው። ስትገዙ የድሮውን ውፍረት በሜትር ለኩ። ገበያ ላይ ያሉ ርካሾች ውጫዊ ልካቸው አንድ ሆኖ ከውስጥ ቀጭን ናቸው፤ ሁለት ረድፍ ቱቦ በነበረበት አንድ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ አይታወቅባችሁም። ታርማ በር ወይም ሊማሊሞ ላይ ያሳያችኋል።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ያገለገለ ራዲያተርም አለ። ነሐስ ከሆነ አልቃወምም፤ ግን ሳትከፍሉ በግፊት አስፈትኑት። አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ከሆነ ተዉት። በዚያ ሙቀት ዓመታት የኖረ ፕላስቲክ ዕድሜው አልቋል።

መድፈኛውስ? በጠርሙስም በዱቄትም የሚሸጠው መድፈኛ በእርግጥ ይደፍናል። ችግሩ ቀዳዳውን ለይቶ አለማወቁ ነው። የሂተሩን ቀጭን ቱቦም፣ በዝገት የጠበበውን የራዲያተር ቱቦም አብሮ ይደፍናል። መተማ መንገድ ላይ፣ ጋራዥ በሌለበት ከቀራችሁ ጨምሩትና ግቡ። በደረሳችሁ ጊዜ ግን አስጥቡት። ሊሸጥ ያለ መኪና ላይ ጨምሮ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ደግሞ በሰው ኑሮ መጫወት ነው። ፒካፕ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ እንጀራውን ነው የሚገዛው። ገዢ ከሆናችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ጣታችሁን አፉ ውስጥ አዙሩ። ቡናማ ጭቃ ወይም የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ካገኛችሁ ጥያቄ አንሡ።

ሂተር

ሂተሩ ካፈሰሰ ሁለቱን ጎማዎች ሞተሩ ጋር አገናኝቶ ማለፍ ይቻላል። ቆላ ለሚሠራ መኪና በቂ ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ለሚያድር ግን የክረምት ጠዋት መስታወት ጉም የሚያጠፋለት እሱ ነውና ይጠገን።

ቴስታታ

ከሁሉም ውዱ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ በሉ። ሞተሩ አንዴ ክፉኛ ከጋለ ጋስኬቱን ብቻ ቀይሮ መመለስ ገንዘብ መጣል ነው። ቴስታታው ወርዶ ሁለት ነገር መታየት አለበት፦ ጠሟል ወይ? ተሰንጥቋል ወይ? ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ስለሚችል በግፊት ይፈተናል። ከጠመመና ካልተሰነጠቀ ማስላጨት ይቻላል፤ ግን የሞተሩ መመሪያ ከሚፈቅደው በላይ አይሁን። ናፍጣ ላይ ብዙ ከተላጨ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይቀራረባል። ከተሰነጠቀ ደግሞ ማስበየዱን አልመክርም። አዲስ ቴስታታ፣ ካልሆነም የተፈተነ ያገለገለ ይሻላል።

ብዙ ጋራዥ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የእነዚህ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ጋስኬት በተለያየ ውፍረት ነው የሚመጣው። ጠርዙ ላይ ምልክት አለው። የድሮውን ምልክት ሳያዩ ወይም ፒስተኑ ከብሎኩ ምን ያህል እንደሚወጣ ሳይለኩ መግጠም ሥራውን መልሶ ያስፈታል። የድሮውን ጋስኬት አትጣሉት፤ ይዛችሁ ሂዱ። ቦሎኖቹም በግምት ሳይሆን በቶርክ መለኪያ፣ በቅደም ተከተላቸው ይጠበቁ።

ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣልን እንደ መፍትሔ የሚያቀርብ ሰው ካጋጠማችሁ እንቢ በሉ። ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ናፍጣ ይበላል፤ ይበላሻል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ እየዞረ ይመለሳል፤ ይባስ ብሎ ያግላል። ተርሞስታት ቀይሩ እንጂ አታውጡ።

ምን ይሞላ?

«እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ኩላንት የሚጠቅመን ለዝገት ነው። ፓምፑን፣ የብሎኩን ክዳኖችና የአሉሚኒየሙን ራዲያተር የሚጠብቀው በውስጡ ያለው መድኃኒት ነው። የመፍያውን ነጥብም ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ያልተቀየጠ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀይጡት። ዓይነቱ የማይታወቅ ቀይና አረንጓዴ አትደባልቁ፤ የድሮውን አጥባችሁ አንዱን ምረጡ። የወጣውን ኩላንት ደግሞ ግቢ ውስጥ አትድፉት። ጣፋጭ ነው፤ መርዝም ነው። ሕፃንም ውሻም ይጠጣዋል። ክዳን ባለው ጀሪካን አድርጋችሁ ከልጆች አርቁት።

ስትሞሉ የሂተሩን ማብሪያ ሙቅ ላይ አድርጉ። ክዳኑን ሳትገጥሙ ሞተሩን አስነሱና ቀስ ብላችሁ እየሞላችሁ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። የታፈነ አየር ካለ የሙቀት መለኪያው መርፌ በድንገት ይወጣል፤ ደህና ሥራም እንደ ተበላሸ ያስመስላል። ክዳኑን ግጠሙና ሰፈር ዞር ዞር ብላችሁ አቁሙት። በነጋታው ቀዝቃዛ ሳለ ደረጃውን እዩ። ትንሽ ቢጎድል የወጣው አየር ቦታ ነው፤ ሙሉት። በሦስተኛው ቀን ከጎደለ ግን ካርቶኑን እንደገና አንጥፉ።